እማማ በረካውን ሳይጠብቁ የተነሡ ዕለት

ጥያቄ

«ውድ ሲስተር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ሠላሳ አንድ አረጋውያን በሚኖሩበት አንድ ማዕከል በተንከባካቢነት ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የነርስነት ትምህርት የለኝም። ባለፈው ወር አንዲት እናት፣ ሁልጊዜ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው የሚነሡት፣ አቦሉን ቀመስ አድርገው ብቻ ተነሡ። ምሳቸውንም ነካ ነካ አድርገው ተዉት። ማታ ለተረከበችኝ ባልደረባዬ «እማማ ዛሬ ልክ አይደሉም» አልኳት። እርሷም ለነርሷ «ደከም ብለዋል» አለቻት፤ ነርሷ ደግሞ «እርጅና ነው» አለች። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ተኝተው ዋሉ። በሦስተኛው ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ወደቁ። ሆስፒታል ወስደናቸው ሐኪሙ «እንዲህ ከሆኑ ስንት ቀናቸው ነው?» ሲል፣ የሄድነው ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠን። የሽንት ኢንፌክሽን ነው፣ ሰውነታቸውም ውሃ አጥሮታል ተባለ። አሁን ተሽሏቸው ተመልሰዋል። ጅዳ ያለው ልጃቸው ግን በስልክ «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብሎ አለቀሰ። ኃላፊያችንም «ለምን አልጻፍሽም?» ብለው ተቆጡኝ፤ አሁን ደግሞ ያለፉትን ሦስት ቀናት መዝገቡ ላይ እንድሞላ እየጠየቁኝ ነው። ምን ልጻፍ? ለማን ልንገር? እኔ ነርስ አይደለሁም፤ የእኔን ቃል ማን ይሰማል? እንደ ታላቅ እኅት ይምከሩኝ።»

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ራስሽን እየወቀስሽ እንደጻፍሽው ስለገባኝ ከዚያው ልጀምር። በዚያ ቤት ካሉት ሰዎች ሁሉ የእማማን መለወጥ በመጀመሪያው ቀን፣ ያውም ከስኒ ቁጥር፣ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። ሐኪም በአጭር ምርመራ፣ ነርስም በዙር ጊዜዋ በቀላሉ የማታገኘውን ነገር አይተሻል። ችግሩ የመጣው ያየሽው ነገር ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሻገር እየሳሳ በመሄዱ ነው። «በረካውን ሳይጠብቁ ተነሡ፣ ምሳቸውንም ተዉ» የሚለው የዓይን ምስክርነት መጀመሪያ «ልክ አይደሉም» ሆነ፤ ቀጥሎ «ደከም ብለዋል» ሆነ፤ በመጨረሻም «እርጅና ነው» ተብሎ ተዘጋ። እዚህ የምጽፍልሽ ሁሉ ያ መሳሳት እንዴት እንደሚቀር ነው።

አስቀድሜ ግን ዛሬ የተደቀነብሽን ልመልስ። ያለፉትን ሦስት ቀናት በዚያው ዕለት የተጻፉ አስመስለሽ አትሙዪ። መዝገብ ዋጋ የሚኖረው በውስጡ ያለው ቀን እውነተኛ ሲሆን ነው፤ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ተሞልቶ ከተገኘ የተቀሩት ገጾች በሙሉ ይጠረጠራሉ፤ ስምሽና ፊርማሽ ያለበት ሐሰትም የአንቺ ሐሰት ሆኖ ይቀራል። ይህ ማለት ግን ያየሽው ነገር ሳይጻፍ ይቅር ማለት አይደለም። በዛሬው ገጽ፣ በዛሬው ቀንና ሰዓት፣ መጀመሪያ ላይ «ዘግይቶ የተጻፈ» ብለሽ ጽፈሽ፣ ቀጥለሽ «ጥቅምት 18 ቀን ጠዋት ያየሁት ይህ ነው» እያልሽ በእርግጠኝነት የምታስታውሽውን ብቻ አስፍሪ። ሰዓቱን ካላስታወስሽ «ከምሳ በኋላ፣ ትክክለኛውን ሰዓት አላስታውስም» ማለት ይበቃል። ለኃላፊሽም በአክብሮት «ያየሁትን ሁሉ በዛሬው ቀን እጽፋለሁ፤ ባለፈ ቀን መፈረም ግን አልችልም» በያቸው። ሰውየው ፈርተው እንጂ ክፉ አስበው ነው ብዬ አልገምትም፤ የሚታመን መዝገብ ለእርሳቸውም የተሻለ መከላከያ መሆኑን ረጋ ብለሽ ብታስረጃቸው የሚሰሙሽ ይመስለኛል።

ስለዚህ ነገር አጥብቄ የምናገረው እኔም ስለተጎዳሁበት ነው። ወጣት ነርስ ሳለሁ በተኛ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ አባት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት መስታወታቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ጺማቸውን ሳይላጩ ቀን አይጀምሩም። አንድ ጠዋት መስታወቱ ተደፍቶ፣ ምላጩም ደርቆ አየሁት። አየሁት፣ ልብ አልኩት፣ በርክክብ ጊዜም «አባባ ዛሬ አልተላጩም» ብዬ በቃል ተናገርኩ። የሰማችኝ ባልደረባዬ ስለ ንጽሕና የምነግራት መስሏት ነበር። ማታ ሲጠሯቸው አልነቃ አሉ፤ ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ነበር። ተርፈዋል። ያንን የደረቀ ምላጭ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «አልተላጩም» ያልኩት ቃል ውስጥ እኔ የሰማሁት ማስጠንቀቂያ ለሌላው ሰው አልተላለፈም ነበርና።

ታዲያ ለውጥ የምንለው ምንድን ነው? ለውጥ የሚለካው ከመጽሐፍ ጋር ሳይሆን ከሰውየው ከራሱ ልማድ ጋር ነው። አንዲት እናት በቀን አንድ ስኒ ቡና ብቻ ቢጠጡ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሦስቱን ካልጠጡ የማይነሡት እናት አንዱን ትተው ሲነሡ ግን የሆነ ነገር አለ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ደህና ቀን ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ያ ካልተጻፈ አዲስ ተረኛ ተኝቶ ያገኘውን ሰው «ይህ ሰው እንዲሁ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስንት ጊዜ ሌሊት ይነሣሉ፣ በምርኩዝ ነው ወይስ በሰው ድጋፍ የሚሄዱት፣ ምን ያህል ይበላሉ፣ ከማን ጋር ይጫወታሉ፣ በየስንት ቀኑ ይጸዳዳሉ፣ ማለዳ መንዙማ ያንጎራጉራሉ ወይስ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ እነዚህ ሁሉ የጤና መረጃ ናቸው።

በአረጋዊ ሰው ላይ በሽታ ፊቱን ይሸፍናል። የሳንባ ምች ያለ ሳል፣ ያለ ትኩሳት ይመጣና ምልክቱ ምግብ መተው ወይም መውደቅ ብቻ ይሆናል። የልብ ሕመም ደረትን ሳይወጋ በትንፋሽ ማጠርና በድካም ይጀምራል። ትኩሳት እንኳ ራሱን ይደብቃል፤ በአረጋውያን መኖሪያ ላሉ ሰዎች በአፍ ተለክቶ ከ37.8 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ወይም ከራሳቸው የተለመደ ሙቀት ከ1.1 ዲግሪ በላይ ሲጨምር እንደ ትኩሳት ይቆጠራል። ዘወትር 36.2 የሚለኩ እናት 37.4 ሲሆኑ ቴርሞሜትሩን ብቻ ያየ ሰው ደህና ናቸው ይላል፤ የቀድሞውን ቁጥር ጽፎ የያዘ ሰው ግን ትኩሳት መሆኑን ያውቃል። ትንፋሽንም ደረታቸውን እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ያረፈ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል፤ 25 ከደረሰ ነርስ ሳትጠሪ አትቀመጪ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካላችሁም የእያንዳንዱን ሰው የደህና ቀን ንባብ አስቀድማችሁ መዝግቡ፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ንባቡ ከቆላው ዝቅ ሊል ይችላልና የሚጠቅማችሁ የራሱ የሰውየው የትናንት ቁጥር ነው።

አሁን «እርጅና ነው» ወደሚለው ቃል ልመለስ፤ ከዚህ ቃል ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ስታገል ኖሬአለሁ። ሰው በሁለት ቀን አያረጅም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር፣ ጠዋት ረገብ ብሎ ማታ የሚብስ፣ ጨዋታ ሲጀመርላቸው መከታተል የሚያቅታቸው ከሆነ፣ ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ሊሆን ይችላል። ይህም ከመርሳት ሕመም የተለየ ነው፤ የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። «ጃጅተዋል» ብለን የምናልፋቸው ስንቶቹ ውሃ የጠማቸው፣ ሆዳቸው የደረቀ፣ አዲስ መድኃኒት ያልተስማማቸው፣ ወይም ሕመም ይዟቸው መናገር ያቃታቸው እንደነበሩ ሳስብ ያመኛል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዝምተኛው ዓይነት ነው። የሚጮኸውንና የሚቃዠውን ሰው ሁሉም ያየዋል፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የሚውለውን ግን «ዛሬስ ተረጋጉ» ብለን እንደ ዕረፍት እንቆጥርለታለን። የእማማ ሁለተኛ ቀን እንዲህ ያለ ቀን የነበረ ይመስለኛል። ይህን ለመለየት የተማረ ሰው አያስፈልግም፤ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎችም ቢሆኑ «ከእሑድ ጀምረው ቀናቱን ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» ሲባሉ፣ ባለፈው ሳምንት ይችሉት የነበረውን ዛሬ ካቃታቸው ያንን ጻፊ። ይሁን እንጂ ምክንያቱን አንቺ አትወስኚ፤ የተደናገረ ሁሉ የሽንት ኢንፌክሽን የለበትምና ፍለጋው የሐኪሙ ሥራ ነው።

እንዴት እንደሚጠየቁም ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ ሀገር አረጋዊ «እንዴት አደሩ?» ሲባል መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ይህ ምስጋና ነው እንጂ የጤና ዘገባ አይደለም። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ሕመሙን ለልጁ እንኳ ማስቸገር መስሎት ይደብቃል፤ «አብሽሪ፣ ይለቀኛል» ይላል። ስለዚህ ሰላምታው ከተፈጸመ በኋላ አጠገባቸው ተቀመጪና «ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? ሽንት ሲወርድ ያቃጥልዎታል? እጅዎን የት ላይ ሲያደርጉ ይሻልዎታል?» ብለሽ ጠይቂ። ሰሃኑንም ተመልከቺ። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ውስጥ ያለፉ ሰዎች እንጀራውን ጠቅልለው ከትራስ ሥር ሲያኖሩ አይቻለሁ፤ ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ «በልተዋል» ተብሎ ይጻፍና ትራሱ ሲነሣ የሦስት ቀን ምግብ ይገኛል።

በአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ውስጥ ልክ እንደ አንቺ ላሉ ነርስ ላልሆኑ ሠራተኞች የተዘጋጀች አንዲት ገጽ ቅጽ አለች፤ ስሟ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ቁምና ተመልከት» ማለት ነው። የምትጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ሰውየው ከወትሮው የተለየ ይመስላል ወይ፣ ንግግር ቀንሷል ወይ፣ ከቀድሞው የበለጠ እርዳታ ይፈልጋል ወይ፣ ሕመም አለው ወይ፣ ምግብና መጠጥ ቀንሷል ወይ፣ ሦስት ቀን ሳይጸዳዳ ቆይቷል ወይ፣ ክብደቱ ተለውጧል ወይ፣ ተበሳጭቷል ወይ፣ ደክሟል ወይ፣ የቆዳው ቀለም ተለውጧል ወይ፣ ለመራመድ ድጋፍ በዝቶበታል ወይ። ምልክት ያደረገው ሰው ስሙን ይጽፋል፤ የተቀበለችው ነርስም ስሟንና ያደረገችውን ትጽፋለች። ይህችን በአማርኛ በእጃችሁ ጽፋችሁ ፎቶ ኮፒ ብታደርጓት ወጪዋ የወረቀት ብቻ ነው፤ ከመጨረሻዋ መስመር፣ ማለትም «ለማን ነገርኩ፣ ምን አለችኝ» ከምትለው፣ ምንም አትቀንሱ።

አጻጻፉን ደግሞ በምሳሌ ላሳይሽ። «እማማ ዛሬ ጥሩ አይደሉም፤ ምግብ አልፈለጉም» የሚል ጽሑፍ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ጥቅምት 18 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፦ አቦሉን ግማሽ ጠጥተው ተነሡ፤ በሌላ ቀን ሦስቱንም ይጠጣሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል፦ ከአንድ እንጀራ ሩብ ያህሉን በሉ። ከጠዋት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ጠጡ። አንድ ጊዜ ሸኑ፤ የሽንቱ ቀለም ጠቁሯል። ሲጠየቁ 'ወገቤን ይዞኛል፣ አልሐምዱሊላህ' አሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ለተረኛዋ ነርስ ነገርኩ።» እዚህ ውስጥ አንድም የሕክምና ቃል የለም። ያየሽው፣ የለካሽው፣ የሰማሽው ብቻ ነው ያለው፤ የተናገሩትም በራሳቸው ቃል ነው የተጻፈው። «ወገቤን ይዞኛል» ያሉትን «የኩላሊት ሕመም አለባቸው» ብለሽ አትተርጉሚው። «አስቸጋሪ ናቸው»፣ «እልኸኛ ሆነዋል» የሚል ፍርድም አትጻፊ፤ «መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ስሰጣቸው እጄን ገፉት» ብትይ ሌላው ሰው ምን እንደሆነ ራሱ ያያል። ከከሚሴ ወይም ከባቲ በኩል የመጡ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ከሆኑም ቃላቸውን ማን እንደተረጎመልሽ አብረሽ ጻፊ።

ስለ ሰዓት ትንሽ ልቆይ፤ በሀገራችን መዝገብ ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነውና። የሆስፒታል ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፤ እኛ ደግሞ በእኛው እንኖራለን። ከሆስፒታል ይዛችሁት በመጣችሁት ወረቀት ላይ ለጠዋት 8 ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ «8» የሚለውን ብቻ ያየ ሰው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሰጠው ይችላል፤ በስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። ስለዚህ «8 ሰዓት» ብለሽ ብቻውን የቆመ ቁጥር በፍጹም አትጻፊ፤ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚለው ይቅደመው። ሌሊቱም የራሱ ወጥመድ አለው። እሑድ ማታ ገብታችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነውን አንዷ «እሑድ»፣ ሌላዋ «ሰኞ» ብላ ትጽፈዋለች። አያቶቻችን ለዚህ ጥሩ አነጋገር ትተውልናል፤ «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብለሽ ጻፊ፣ ማንም አይሳሳትም። የኢትዮጵያና የአውሮፓ ቀን በአንድ ገጽ ላይ እንዳይቀላቀልም ከሆስፒታል የመጣውን እንዳለ ገልብጠሽ አጠገቡ የእኛውን አስፍሪ። ስትሳሳቺ ደግሞ ላዩ ላይ ነጭ ቀለም አትቀቢ፣ ገጹንም አትቅደጂ፤ የታችኛው እንዲነበብ በአንድ መስመር ሰርዘሽ፣ አጠገቡ ትክክለኛውን ጽፈሽ ፈርሚ።

መጻፍ ብቻውን ግን እማማን አያድናቸውም ነበር፤ የተጻፈውን በጊዜው የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተወስዶ ወደ ሆስፒታሎች የገባ አንድ የአነጋገር ሥርዓት አለ፤ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል መናገር ነው፦ አሁን የሆነውን፣ የኋላ ታሪካቸውን፣ እኔ ያየሁትንና የገመትኩትን፣ በመጨረሻም የምፈልገውን። በአንቺ አፍ ሲነገር እንዲህ ይሆናል፦ «ሲስተር፣ የምነግርሽ ሰባት ቁጥር አልጋ ስላሉት እናት ነው። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ምግብና ውሃ ቀንሰዋል፣ እንቅልፍም በዝቶባቸዋል። የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ በሌላ ቀን ያለ ሰው ድጋፍ ይራመዳሉ። ሙቀታቸው 37.6 ነው፣ ትናንት 36.3 ነበር፤ ትንፋሻቸው በደቂቃ 24 ነው። ሕመም የጀመራቸው ይመስለኛል። ሳይመሽ መጥተሽ እንድታያቸው እፈልጋለሁ፤ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?»

የመጨረሻውን ጥያቄ ልብ በይው። እኛ ይሉኝታ ስለሚይዘን ወሬውን ነግረን ጥያቄውን እንተወዋለን፤ «እንግዲህ ነግሬአለሁ» ብለን እንሄዳለን። የሰማችውም ሴት «ተነገረኝ» ትላለች እንጂ «ተጠየቅሁ» አትልም። ሰዓት ከጠየቅሽ ግን መልስ ትሰጥሻለች፤ መልሷንም ትጽፊዋለሽ። «እርጅና ነው» ካለችሽ ያንኑ ቃሏን ከነሰዓቱ ጻፊና በትሕትና «እሺ ሲስተር፤ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሜ እለካና እደውልልሻለሁ» በያት። ካልተሻላቸው ወደ ኃላፊው፣ ከዚያም ወደ ሐኪሙ ሂጂ። ይህ ነርሷን መክሰስ አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ሰው በአንድ ነርስ እጅ ሲሆን አንዱን መርሳት እንዳለ እኔም አውቀዋለሁ፣ በቦታዋም ቆሜ አውቃለሁ። አንዳንድ ነገር ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካሉ፣ የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ፣ በመጀመሪያ ለእርዳታ ተጣሪ፣ ከዚያ ጻፊ። በተለይ በስትሮክ ጊዜ ሐኪሙ አጥብቆ የሚጠይቀው «መጨረሻ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው።

መውደቅን በተመለከተ አንድ ልዩነት አስተውይ፤ «ሲወድቁ አየሁ» እና «ወድቀው አገኘኋቸው» አንድ አይደሉም። ካላየሽ ጭንቅላታቸው መመታት አለመመታቱን አታውቂምና «ወድቀው አገኘኋቸው፣ በግራ ጎናቸው ነበሩ፣ ወለሉ እርጥብ ነበር» ብለሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። ከዚያ በኋላ ላሉት 72 ሰዓታት በየፈረቃው እየታዩ ይጻፍላቸው። በተለይ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ በጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታትና መደንዘዝ ይዞ ይመጣልና በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይወሰዱ፤ የሚያክማቸው ሐኪምም ከወር በፊት መውደቃቸውን ከመዝገቡ ማግኘት አለበት። የአልጋ ቁስልም እንዲሁ ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይምና ተረከዛቸውንና የጅራት አጥንታቸውን በእጅሽ ዳሰስ አድርገሽ ሙቀትና ጥንካሬ ፈልጊ፣ ስፋቱን በሴንቲሜትር ጻፊ።

ርክክቡን ከደጅ ቆማችሁ፣ ነጠላ እየለበሳችሁ አታድርጉት። ወጪዋና ገቢዋ ደብተሩን ይዘው ከአልጋ አልጋ ይሂዱ፤ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ይነገሩ፤ ገቢዋም የሰማችውን በራሷ ቃል ትድገመው። የእኔ ምላጭ ታሪክ እዚያው በተያዘ ነበር፤ ባልደረባዬ «ንጽሕናቸውን ልጠብቅ ማለትሽ ነው?» ብላ ብትደግምልኝ ኖሮ «የለም፣ እጃቸው መላጨት ለምን እንዳቃተው እዪልኝ» እላት ነበር።

ጾምም በመዝገቡ ቦታ ይኑረው። በረመዷን ወይም በሁዳዴ የሚጾሙ ሰዎች የሚበሉበትና መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት ስለሚቀየር፣ ከጾሙ መግቢያ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው የተስማሙበት ይጻፍ፤ አለዚያ «ቁርስ አልበሉም» የሚለው መስመር ጾም ይሁን ሕመም ማንም አይለየውም።

አሁን ወደ ልጃቸው ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የነካው እርሱ ነው። በባህላችን ክፉ ወሬ ለሩቅ ሰው በድንገት አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። ይህ ርኅራኄ ከሐዘን ቀን አልፎ ወደ ሕመም ቀን ሲገባ ግን ሰውን ይጎዳል። ጅዳ ያለ ልጅ በመጀመሪያው ቀን «እናትህ ምግብ ቀንሰዋል፣ ነርሷ እያየቻቸው ነው» ቢባል ይደውልላቸዋል፣ ድምፁን ይሰማሉ፣ ምናልባትም «ባለፈው ዓመትም እንዲህ ሆነው ሽንታቸው ነበር» ብሎ ለሐኪሙ የጎደለውን ይነግረዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት ጉዳት ያደረሰ አደጋ፣ ጉልህ የጤና ለውጥ፣ ትልቅ የሕክምና ለውጥ ወይም ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ሲኖር ለነዋሪው ለራሱ፣ ለሐኪሙና ለተወካዩ ወዲያውኑ መነገር አለበት፤ ማዕከላችሁ ይህንኑ በራሱ የውስጥ መመሪያ ቢጽፈው መልካም ነው። በቅድሚያ ግን እማማን ራሳቸውን ጠይቋቸው፤ ምን ለማን እንዲነገር ይፈልጋሉ? ከልጆቻቸው ማን ይደወልለት? አእምሯቸው ደህና በሆነበት ቀን የሰጡት መልስ ከስልክ ቁጥሩ ጋር መዝገባቸው ላይ ይስፈር። በስልክ ስትነግሪውም «ደህና ናቸው፣ አትጨነቅ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ያየሽውን፣ የተደረገላቸውን፣ ቀጥሎ መቼ እንደምትደውይለት ንገሪው፤ በተናገርሽው ሰዓትም ደውይለት፤ መደወልሽንም ጻፊ። የሌላውን ነዋሪ ሕመም ግን ለእርሱ አታውሪ፣ የእማማንም ለሌላው ጠያቂ አታውሪ፤ ደብተሩም ማንም እያለፈ በሚያነብበት ጠረጴዛ ላይ አይደር።

ኃላፊሽ ይህን የሚያነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናቸው። «ለምን አልጻፍሽም?» ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ የምትጽፍበት ደብተር፣ የምትጽፍበት ጊዜና የሚያነብላት ሰው ሊኖር ይገባል። አንድ የሰው ሚዛንም ይግዙ፤ በአንድ ወር ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ለውጥ ነው፤ 48 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ይህ 2.4 ኪሎ ብቻ ነው፣ በወፍራም ጋቢ ውስጥ ደግሞ ማንም በዓይኑ አያየውም። በወሩ መጀመሪያ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘኑ። ያየችውን ቀድማ የተናገረችን ሠራተኛም፣ ሥጋቷ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ በሰው ፊት ያመስግኗት፤ የተቆጧት ዕለት ሁለተኛ አትነግርዎትም።

እኅቴ፣ አሁን እማማ ተሽሏቸው ተመልሰዋልና የዛሬዋ ማታ ጥሩ ጊዜ ናት። አዲስ ገጽ አውጪና ራስጌው ላይ «እማማ ደህና ሲሆኑ» ብለሽ ጻፊ። አጠገባቸው ተቀምጠሽ እየጠየቅሻቸው ሙዪው፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ፣ እስከ መጸዳጃ ቤት በምርኩዝ እንደሚደርሱ፣ ሙቀታቸውን፣ ትንፋሻቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የልጃቸውን ቁጥር፣ ማለዳ ምን እንደሚያንጎራጉሩ። የቡናውንም ጻፊ፦ ሦስት ስኒ፣ በረካው ሳይቀር፣ ዱዓው እስኪያልቅ ተቀምጠው።